ውሃ የሚለይበት ጋራ

የእንጦጦ ጋራ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተጋደመ ነው። ከየካ በኩል ለሚያየው ሰው ቀጥ ብሎ የቆመ ግንብ ይመስላል፤ ሸለቆው ጥልቅ፣ መንገዱ እንደ መሰላል የሚወጣ ነው። ከአናቱ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን የተመለከተ ግን ሌላ አገር ያያል፤ መሬቱ ቀስ እያለ፣ ለእግር እንኳ ሳይታወቅ፣ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ይወርዳል። በደቡቡ ፊት የወደቀ ዝናብ በየካ ወንዞች አድርጎ አቃቂ፣ ከአቃቂም አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር በረሃ ይቀራል። በሰሜኑ ፊት የወደቀው በሙገር አድርጎ ከዓባይ ይቀላቀላል። በአንድ ጥድ ቅርንጫፍ ላይ ጎን ለጎን ካረፉት ሁለት ጠብታዎች አንዷ ወደ ምስር፣ ወደ ግብፅ አገር፣ ሌላዋ ወደ አሸዋ ልትሄድ ትችላለች።

ይህን ዛሬ እንደ ትምህርት እጽፈዋለሁ። በ፲፰፻፸፯ ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት ወር ግን በመሐላ የምመልሰው ጥያቄ ነበር።

በዚያ ዘመን በጋራው ላይ በተቆረቆረው አዲስ ከተማ የአንድ ዳኛ ጸሐፊ ነበርሁ። ስሜ ዓምደ ሚካኤል ነው። ቅኔ ቆጥሬ፣ መጻሕፍት አይቼ ከቡልጋ የመጣሁ ሰው ነኝ። ከመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ኢፍቱን አገባሁ። ክርስትና ስትነሣ ወለተሥላሴ ተብላለች፤ ነገር ግን አባቷም እኔም ኢፍቱ ከማለት አልተመለስንም።

አባቷ በዳዳ የሚኖሩት ከየካ በላይ፣ ጋራው እንደ ኮርቻ ዝቅ በሚልበት ስፍራ ነበር። በኮርቻው መካከል ሣሩ የማይደርቅ ረግረግ አለ፤ የአገሩ ሰው ጨፌ ይለዋል። ከጨፌው ዳር ቤታቸው፣ ከቤታቸው ጀርባ በድንጋይ የተከበበ የባለቤታቸው መቃብር ነበር። በዳዳ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ነበሩ። በኦሮሞ ልማድ አማች ሶዳ ይባላልና እኔን ከዚህ በቀር በሌላ ስም አይጠሩኝም።

አንድ ቀን በጨፌው ዳር ተቀምጠን ሳለ፣ «አንተ ሶዳ፣ መጽሐፍህ ስለዚህ ጋራ ምን ይላል?» አሉኝ።

«ስለ ጋራው አይናገርም፤ ስለ ወንዙ ግን ይናገራል። ከዚህ ወደ ሰሜን የሚወርደው ውሃ ዓባይ ይገባል። ዓባይ ግዮን ነው፤ ግዮንም ከገነት ከሚወጡት ከአራቱ ወንዞች አንዱ ነው።»

«እንግዲያስ የኔ ላሞች ከገነት ወንዝ ነው የሚጠጡት?»

«እንደዚያ ነው፣ አባቴ።»

«ታዲያ ወተታቸው ከጎረቤቴ ከሂርጳ ላሞች ወተት ለምን አይበልጥም? መጽሐፍህን ደግመህ እየው!» ብለው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ኢፍቱም ከደጃፍ ሆና፣ «አባባ፣ ባሌን አታሹፍበት፤ ማታ የሚያኮርፈው በኔ ላይ ነው» አለች።

ያን ጊዜ የጨፌው ውሃ ወደ ሰሜን እንደሚሄድ አልተጠራጠርሁም። የተጠራጠርሁት ነገሩ ክርክር ከሆነ በኋላ ነው።

ባላምባራስ አባይነህ የሚባል የጦር አለቃ ከየካ በላይ ያለው የጋራው ፊት፣ ውሃው ወደ ደቡብ የሚወርደው መሬት ሁሉ፣ ተሰጥቶት መጣ። ሰውዬው ግልጽ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ከወታደሮቹ ጋር ከአንድ ገበታ የሚበላ ነበር። ጨፌውን ባየ ጊዜ «ይህም የኔ ነው፤ ውሃው ወደ የካ ይወርዳል» አለ። በዳዳ «ውሃዬ ወደ ሱሉልታ ነው» አሉ። ሁለቱም ከዳኛው ፊት ቆሙ። ዳኛውም ነገሩን ከሰማ በኋላ እንዲህ ሲል ፈረደ፦

«እኔ ጋራውን አልሠራሁትም። ውሃው ይለያችሁ። ሁለታችሁም የምታምኑት አንድ ሰው ይማልና ውሃ የሚለይበትን በእግሩ ይርገጥ፤ የረገጠው ድንበር ይሁን።»

«ማን ይማል?» ተባለ።

አባይነህ ዞሮ አየኝ። «ጸሐፊው ይማል» አለ።

ሰዉ አጉረመረመ። «የበዳዳ አማች አይደለም እንዴ?» ያለ ነበር።

«አማች ስለሆነማ ነው!» አለ አባይነህ። «ሌላ ሰው ቢያደላ ማን ያውቅበታል? እሱ ቢያደላ ግን አገር ያውቅበታል። የተማረ ሰው ደግሞ ከሲኦል ይልቅ ሐሜትን ይፈራል።»

ሰዉ ሳቀ። በዳዳም አብረው ሳቁ። «ልጄ ነው፤ ይማል። እኔ ከዚህ የተሻለ ምን እሻለሁ?» አሉ።

የአባይነህ ቃል ግን እንደ እሾህ ተሰካብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በከተማው መንገድ ስሄድ የሚያዩኝ ሁሉ «ያደላ ይሆን?» የሚሉ መሰለኝ። አንድ የማውቀው ካህን ከቅዳሴ ስንወጣ ክንዴን ይዞ «ዓምደ ሚካኤል፣ የሚስት እንባ ከሕግ ይበልጣል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እስቲ እናያለን» አለኝ። ለቀልድ ነበር የተናገረው። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በመሐላው ዋዜማ ማታ ኢፍቱ እራት አቅርባ ከፊቴ ተቀመጠች፤ እሷ ግን አልበላችም።

«ዓምዴ» አለችኝ፣ «የጨፌውን ውሃ ታውቀዋለህ?»

«ነገ አየዋለሁ።»

«ነገ የምታየው የበጋውን ነው። በበጋ ከጨፌው ዳር ያለችው ምንጭ ብቻ ናት የምትፈስሰው፤ እሷ ወደ የካ ነው የምትንጠባጠበው። ክረምት ሲገባ ግን ጨፌው ይሞላና በሰሜን በኩል ወንዝ ሆኖ ይወጣል። ልጅ ሳለሁ ያን ወንዝ አባቴ በትከሻው ነበር የሚያሻግረኝ። አንድ ጊዜ ውሃው እስከ ወገቡ ደርሶ እኔ ስጮህ እሱ ይስቅ ነበር።»

እጄን ከገበታው አነሣሁ። «ኢፍቱ፣ ተይ። እኔ በማልሁበት ነገር ቤቴ ምስክር ሊሆነኝ አይችልም።»

«ቤትህ የሚያውቀውን ቢነግርህስ?»

«አልስማው። ብሰማው የሰማሁት ያዘነብለኛል።»

ገበታውን አንሥታ ሄደች። እኔም ራሴን ገዝቻለሁ ብዬ ደስ አለኝ። ያን ደስታ አሁን ሳስታውሰው ፊቴን እሸፍናለሁ።

በማግሥቱ ጧት ዳኛው፣ ሁለቱ ወገኖችና ሽማግሌዎቹ በኮርቻው ላይ ተሰበሰቡ። ጉሙ ገና ከየካ ሸለቆ ውስጥ አልወጣም ነበርና ከበታቻችን ነጭ ባሕር የተኛ ይመስል ነበር። ጫማዬን አወለቅሁ። ካህኑ መስቀሉን ከራሴ ላይ አድርጎ «ዐይንህ ያየውን ብትሸሽግ፣ ያላየኸውን ብትጨምር የተወገዝህ ሁን» ብሎ ገዘተኝ። አሜን አልሁ።

ያን ጊዜ በዳዳ ወደ ዳኛው ቀርበው ጎንበስ አሉ። «ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልለምን። ዛሬ የሚታየው ይህ የሚንጠባጠበው ነው፤ ወንዙ በሰኔ ነው የሚወለደው። መርገጡ እስከ ሐምሌ ይቆይልኝ።»

አባይነህ ሳቀ። «እስከ ሐምሌማ አማቹ ስንት ጊዜ እራት ይጋበዛል!» አለ።

ዳኛው አልሳቀም። አሰበና ወደኔ ዞረ። «የማለው አንተ ነህ። ይቆይ ብትል ይቆያል፤ ዛሬ ይሁን ብትል ዛሬ ይሆናል። ምን ትላለህ?»

እንግዲህ የሆነው ሁሉ የሆነው በዚህ ነው። ማንም አላስገደደኝም። አምስት ወር መጠበቅ ምንም ማለት አልነበረም። አማቴ አንዲት ቃል ይጠብቃሉ፤ የሽማግሌዎቹ ዐይን፣ የካህኑ ዐይን፣ የአባይነህ ፈገግታ በኔ ላይ ነው። «ይቆይ» ብል ለአማቱ ጊዜ ገዛለት እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

«ዛሬ ይረገጥ» አልሁ።

በዳዳ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ከጋራው አናት ተነሥቼ ጀርባውን ተከትዬ ወረድሁ። ችካል የያዙ ሰዎች ከኋላዬ ነበሩ፤ እኔ በረገጥሁበት እነሱ ይተክላሉ። ከጨፌው ስደርስ ሣሩን በእጄ ገልጬ አየሁ። በሰሜን በኩል መሬቱ ጥቁር፣ ደረቅ፣ የተሰነጣጠቀ ነበር። በደቡብ በኩል ከድንጋይ ሥር እንደ ክር የቀጠነች ውሃ ወጥታ ወደ የካ ገደል ትወርዳለች። ጭድ አስመጥቼ በላይዋ ጣልሁ። ጭዱ ወደ ደቡብ ሄደ። ሦስት ጊዜ ጣልሁ፤ ሦስት ጊዜም ወደ ደቡብ ሄደ። ስለዚህ ጨፌውን፣ ቤቱን፣ መቃብሩንም በደቡብ በኩል ትቼ በሰሜኑ ጠርዝ ዞርሁ። የረገጥሁት ዐይኔ ያየውን ብቻ ነው። የመጨረሻው ችካል ሲተከል አባይነህ እንኳ አልጮኸም፤ ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከና «ወይ ጉድ» አለ።

እግሬ በድንጋይና በእሾህ ቆስሎ ደም ይፈስሰው ነበር። ሰዉ ሲበተን በዳዳ ወደኔ መጡ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እንዲያውም ተመኝቼው ነበር።

«ሶዳ፣ እግርህ ደምቷል» አሉ። «ና፣ ታጠብ። ገና ቤቴ ነው።»

ከደጃፋቸው አስቀምጠው ራሳቸው ውሃ ቀድተው፣ ራሳቸው ጎንበስ ብለው እግሬን አጠቡኝ። አልከለከልኋቸውም። ኢፍቱ ከጓዳው በር ቆማ ታይ ነበር።

አባይነህ ከሦስት ቀን በኋላ መጣ። «አባባ በዳዳ፣ አይነሡ። እየገበሩ ይቀመጡ፤ ላምዎን የሚነካ ወታደር ቢኖር እኔ አለሁ» አላቸው። ከልቡ ነበር።

«እግዜር ይስጥህ» አሉት በዳዳ። «ሚስቴ በተኛችበት መሬት ላይ ፈቃድ እየለመንሁ መኖር ግን አይሆንልኝም። መቃብሯን ብቻ ከብት እንዳይረግጠው።»

በመጋቢት ላሞቻቸውን ነድተው ወደ ሱሉልታ ሜዳ፣ ከወንድማቸው ልጅ ከነገሳ ዘንድ ወረዱ። የወታደሮቹ ጎጆ በጨፌው ዳር ተሠራ፤ ለምሰሶ፣ ለማገርና ለማገዶ ሲባል ጥዱና ኮሶው ተቆረጠ። ኢፍቱም አብራ ወርዳ አባቷን በነገሳ ቤት አስቀምጣ ለፋሲካ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ምግቤን ታቀርብልኛለች፣ ልብሴን ታጥባለች፣ ስጠይቃት ትመልስልኛለች። ሳትጠየቅ ግን አትናገርም ነበር።

በሐምሌ አጋማሽ ለሌላ ጉዳይ በኮርቻው በኩል ማለፍ ነበረብኝ። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ዘንቦ ገና ማባራቱ ነበር። ወደ ጨፌው ሳልደርስ ድምፁን ሰማሁት። ረግረጉ ሐይቅ ሆኗል። የደቡቧ ምንጭ እንደ ዱሮዋ በቀጭኑ ትወርዳለች፤ በሰሜን በኩል ግን፣ ያ ደረቅ፣ ጥቁር፣ የተሰነጣጠቀ መሬት በነበረበት፣ ለሰው ወገብ የሚደርስ ወንዝ ተሰብሮ ወጥቶ፣ የተከልናቸውን ችካሎች ነቅሎ ይዞ ወደ ሱሉልታ ይወርዳል። እስኪጨልም ድረስ ከዚያ ቆምሁ።

ቤት ስገባ ኢፍቱ እርጥብ ልብሴን ተቀበለችኝ።

«አየሁት» አልኋት።

«አውቃለሁ» አለች። «ዛሬ ወይም ነገ እንደምታየው አውቅ ነበር።»

በነጋታው ከዳኛው ፊት ወደቅሁ። «በሐሰት ምያለሁ፤ ፍረድብኝ፤ መሬቱንም ለባለቤቱ መልስ» አልሁት።

ዳኛው ፈቀቅ ብሎ ተቀመጠና ጠየቀኝ። «በየካቲት ውሃው ወደ ደቡብ ሲሄድ ዐይንህ አይቷል?»

«አይቷል።»

«ያላየኸውን ጨምረሃል?»

«አልጨመርሁም።»

«ያየኸውን ሸሽገሃል?»

«አልሸሸግሁም። ነገር ግን ነግረውኝ ነበር፤ አልሰማሁም።»

«የተገዘትኸው ስላየኸው እንጂ ስላልሰማኸው አይደለም» አለ። «መሐላህ ንጹሕ ነው። ንጹሕ መሐላ ደግሞ አይፈርስም፤ ዛሬ ይህን ባፈርስ ነገ በዚህ ጋራ ላይ አንድም ድንበር አይቆምም። ተነሥ፤ ጥፋት የለብህም።»

ብገረፍ፣ ብታሰር፣ ብወገዝ እንዴት በቀለለኝ! ከንስሐ አባቴ ዘንድም ሄጄ ያው ተነገረኝ። ንስሐ የሚሰጥበት ኃጢአት አላገኘልኝም።

በነሐሴ በዳዳ መታመማቸው ተሰማና ኢፍቱ ወደ ሱሉልታ ወረደች። እኔም ከመስቀል በኋላ ተከተልኋት። በነገሳ ቤት ከእሳቱ አጠገብ በቁርበት ላይ ተኝተው አገኘኋቸው። ፊታቸው ከስቶ ዐይናቸው ብቻ ቀርቶ ነበር። ነገሳ ወንበር ሲሰጠኝ እንቢ ብዬ ከመሬት ተቀመጥሁ።

«ሶዳ፣ መንገዱ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ጭቃ ነው፣ አባቴ።»

«ወንዙን በምን ተሻገርኸው?»

«በገመድ» አልሁ።

«ይሞላል አይደል?» አሉና ፈገግ አሉ። ሳላቸው እስኪያልፍ ጠበቅሁ። ከዚያ እግራቸውን ይዤ የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው፤ ከዳኛው ፊት መውደቄንም፣ ዳኛው ያለኝንም።

«ለሣሩ አላዘንሁም» አሉ በመጨረሻ። «ሣር በሁሉ አገር አለ። ከሚስቴ ጎን ሳልተኛ መቅረቴ ግን ያሳዝነኛል። እሱንም ቢሆን እችለዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ሌሊት ይቀሰቅሰኛል። ሥልሳ ዓመት ከዚያ ውሃ አጠገብ ኖርሁ፤ አንተ ግን ጭዱን አመንህ፤ እኔን አላመንኸኝም።»

«ሰው ያደላል እንዳይለኝ ፈርቼ ነው፣ አባቴ።»

«አውቃለሁ» አሉ፤ እጃቸውንም ከራሴ ላይ አኖሩ። «አውቃለሁ እኮ። የማያውቅህ ሰው እንዲያምንህ ብለህ የምታውቀውን ሰው ከዳኸው። እኔ ይቅር ብዬሃለሁ። የኢፍቱን ግን ከራሷ ጠይቅ።»

በጥቅምት መጨረሻ አረፉ። አባይነህ ይህን ሲሰማ «አምጧቸው፤ ከሚስታቸው ጎን ይቀበሩ፤ ማንም አይከለክልም» ብሎ ሰው ላከ። ነገሳ ግን የሟቹን ቃል አስታወሰ፤ «በሰው መሬት ላይ እንግዳ አድርጋችሁ አትቅበሩኝ» ብለው ነበርና በሱሉልታ ሜዳ ብቻቸውን ተቀበሩ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ኢፍቱን ከቤቱ ኋላ አገኘኋት። ጠጕሯን ተላጭታ ነበር።

«እንሂድ» አልኋት። «ቤትሽ ይጠብቅሻል።»

«ዓምዴ፣ ተቀመጥ» አለችኝ። ተቀመጥሁ። እሷ ቆማ ቀረች።

«አንተ ክፉ ሰው አይደለህም» አለች። «ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ ክፉን ሰው ወይ ይጠሉታል ወይ ይቅር ይሉታል። አንተን ምን ላድርግህ? ያን ዕለት ማታ የነገርሁህ አባቴን እንድታድነው ብዬ ብቻ መሰለህ? እኔ ለምን እዋሽሃለሁ? በአንድ ገበታ እየበላን፣ በአንድ መደብ እየተኛን፣ ሐሰተኛ ምስክር አድርገህ ቆጠርኸኝ።»

«አልቆጠርሁሽም፣ ኢፍቱ። ራሴን ነው የፈራሁት።»

«ነገ ልጅ ብንወልድ፣ ልጁም መጥቶ ‹አባባ፣ እመነኝ› ቢልህ፣ ዘመድ ነህና አልሰማህም ትለዋለህ?»

ብዙ መጻሕፍት አይቻለሁ፤ ለዚህ የሚሆን ቃል ግን ከአንዱም አላገኘሁም። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስሁ፤ ተቃቅፈንም አለቀስን። ሲበቃት ዐይኗን በነጠላዋ ጠርጋ «ጋራው ሳይጨልምብህ ሂድ» አለችኝ። ከእኔ ጋር አልመጣችም፤ ከዚያ በኋላም አልመጣችም።

በዚያው ዓመት በጥር፣ ከየካ በታች ሁለት ባላገሮች በድንበር ተጣልተው ከዳኛው ዘንድ መጡ። ማን ይማልላችሁ ሲባሉ ሁለቱም በአንድ ቃል «ጸሐፊው ዓምደ ሚካኤል ይማልልን» አሉ። «ለምን?» ሲባሉ፣ ታላቅየው ወደ ሕዝቡ ዞሮ በጣቱ እያመለከተኝ «ለአማቱ እንኳ ያላደላ ሰው ነው!» አለ።

ተነሥቼ «እኔ ለዚህ ነገር የምበቃ ሰው አይደለሁም፤ ሌላ ፈልጉ» አልሁ።

ትሕትና መስሏቸው ከፊተኛው ይልቅ አመሰገኑኝ።